ጥቁር ፊት ሳይደፈን የሚታተምበት ቤት፣ ደሴ ፒያሳ

ደሴ ውስጥ ባነር የሚያትም ቤት ሞልቷል። ለሰርግ፣ ለተማሪ ምረቃ፣ ለአዲስ ሱቅ የሚሆን ፍሌክስ የትም ታሳትማላችሁ። የሰው ፊት፣ በተለይ ጠቆር ያለ ሰው ፊት፣ ከነመልኩ ማሳተም ስትፈልጉ ግን ምርጫው ይጠባል። እኔ የወደድኩት ቤት ፒያሳ ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከሥሩ የሞባይል ጥገና ያለበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ታገኙታላችሁ። ዘለግ አድርጌ ልጽፍለት ነው። ሥራው ይገባዋል፤ እዚያ ያሳተምኩት ነገርም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የታሪክ መምህርት ነኝ። የክበባችን ልጆች በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት ፈለጉ። ርዕሱ የጥቁሮች የነጻነት ትግል ነው። መሪዎቹን ብቻ አንደርድር አልኳቸው። ሰዎቹ ምን ይዘምሩ ነበር? የት ይጸልዩ ነበር? ምን ይስሉ ነበር? ይህንን እናሳይ። ትግሉን ከመዝሙሩና ከጸሎቱ ነጥዬ ካስተማርኩት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከየት ድፍረት እንዳገኘ ተማሪዬ አይገባውም። በአሜሪካ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ መቀመጫው በዘር በሚለይ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ለ381 ቀን በእግራቸውና በሰው መኪና ሲመላለሱ፣ የሚሰበሰቡት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ስብሰባ የተደረገው ሆልት ስትሪት በሚባል የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ጸሎት ተደረገ፣ ተዘመረ፣ ከዚያ ተወሰነ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታትም በፈረንጆች ናቸው።)

ሥራውን መጀመሪያ የሰጠሁት ለሌላ ቤት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የማህሊያ ጃክሰንን ፎቶ አትሞ ሲሰጠኝ ዓይን የለ፣ ጉንጭ የለ። ጥርስና የማይክሮፎን ብረት ብቻ ነው የሚታየው። «ፎቶው ራሱ ጥቁር ነው እኮ» አለኝ ልጁ። ፎቶው ጥቁር አልነበረም። ሴትዮዋ ናት ጥቁር፤ ያውም ፊቷ በብርሃን የተሞላ።

ማህሊያ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች። ኦገስት 28 ቀን 1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ላይ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር በፊት ዘመረች። ኪንግ የተዘጋጀ ጽሑፉን ይዞ ሲናገር ከበስተኋላው ሆና «ማርቲን፣ ስለ ሕልሙ ንገራቸው!» ብላ ጮኸችበት። ወረቀቱ ላይ ስለ ሕልም የተጻፈ ነገር አልነበረም። እሱም ወረቀቱን ትቶ ዓለም ዛሬም ድረስ የሚያስታውሰውን ተናገረ። ታዲያ የዚህችን ሴት ፊት ደፍኖ የሚሰጠኝን ሰው እንዴት ዝም ልበለው?

ፒያሳ ያለው ቤት ግን ሌላ ነው። ዲዛይነሯ ወጣት ልጅ ናት። ፍላሹን ተቀብላ ፋይሉን ከፈተችና ፊቱን አጉልታ አየችው። «ቲቸር፣ እየዘፈነች ነው ወይስ እያለቀሰች?» አለችኝ። «እየዘመረች ነው» አልኳት። «እንግዲያው አንገቷ ላይ ያለው ጅማት መታየት አለበት» አለች። እዚያው በሰውየው ልክ ሳይሆን በሥራው ልክ የሚጨነቅ ሰው እንዳገኘሁ ገባኝ። በቀጭን ቁራጭ ወረቀት ላይ ፊቱን ብቻ፣ ጠቆርና ፈካ እያደረገች አተመችው። መስኮት አጠገብ ወስደን አየነው። ጥቁሩ ቦታ ላይ ማሽኑ አራቱንም ቀለም ደራርቦ ስለሚያፈስ ወረቀቱ ይጠግብና ይደፈናል። እሷ ጥቁሩን ቀለም ቀንሳ ቡናማውንና ቀዩን ታወጣዋለች። ሙከራውን በነጻ ነው የምትሠራው።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። የቀለም ፎቶ በተስፋፋበት ዘመን የኮዳክ ኩባንያ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የመለኪያ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ፎቶው አማረ ማለት ነው። ጥቁር ልጅ ከነጭ ልጆች ጋር ክፍል ውስጥ ተነስቶ ፎቶው ሲታጠብ፣ የእሱ ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ፊልሙ ቡናማን ለይቶ እንዲያሳይ ኩባንያው በደንብ የሠራው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «ዕቃችን አያምርም» ብለው ካማረሩ በኋላ መሆኑ ይነገራል። ይህን ለዲዛይነሯ ስነግራት ማውሱን ለቃ ዝም ብላ አየችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልምጣ። አላባማ ግዛት በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ የ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለ። የጥቁሮች ሰልፍ የሚነሳው ከዚያ ነበር። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963፣ እሑድ ጠዋት፣ ዘረኞች ቦምብ አፈነዱበት። አራት ልጃገረዶች ሞቱ። አንዷ የ11 ዓመት፣ ሦስቱ የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሳይወድቅ በቀረው ባለ ቀለም መስታወት ላይ የክርስቶስ ምስል ነበር። ከእሱም ላይ የወደቀው ፊቱ ብቻ ነው። ክርስቶስ ፊት የሌለው ሆኖ ቆመ። ይህ ልብ ወለድ ቢሆን «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ከዚያ በብሪታንያ የዌልስ ሰዎች ወሬውን ሰሙ። ጆን ፔትስ የሚባል ሠዓሊ አዲስ መስኮት ልሥራላቸው ብሎ ተነሳ። በጋዜጣ መዋጮ ተጠራ። አንድ ሀብታም ብቻውን እንዳይከፍለው ተብሎ የመዋጮው መጠን ጣሪያ ተደረገለት፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አዋጣ። በ1965 መስኮቱ ተተከለ። በላዩ ላይ ያለው ክርስቶስ ጥቁር ነው። ሁለት እጁን ዘርግቷል። በአንዱ እጁ ግፍን ይገፋል፣ በሌላው ይቅርታን ይሰጣል። ከሥሩ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ካለው ቃል የተወሰደ ጽሑፍ አለ፤ ለታናናሾቹ ያደረጋችሁት ለእኔ ነው የሚለው።

የዚህን መስኮት ፎቶ እንደሌሎቹ በፎቶ ወረቀት ላሳትመው ነበር ያሰብኩት። ባለቤቱ ናቸው ያስቆሙኝ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው። «ቲቸር፣ ይሄ መስታወት አይደል? መስታወት ከኋላው ብርሃን ካልመጣበት ሙት ነው» አሉኝ። ባክሊት በሚባለው ብርሃን በሚያሳልፈው ፍሌክስ ላይ አትመው፣ ከኋላው የኤልኢዲ መብራት ያለው ሳጥን አሠሩለት። ለፋርማሲና ለሆቴል ማስታወቂያ የሚሠሩት ዓይነት ሳጥን ነው። ትምህርት ቤት ወስደን ኮሪደሩ ጨለም የሚልበት ጥግ ላይ ሰካነው። ሰማያዊው እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ልጆቹ ጫጫታቸውን አቆሙ። ከዚህ ቤት ካሠራሁት ሁሉ ይህ ሳጥን አንደኛ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ደረጃውን መውጣት ይገባል።

የደቡብ አፍሪካው ሥዕል ትንሽ አስቸግሮን ነበር። በ1962 ሮናልድ ሃሪሰን የሚባል የ22 ዓመት ወጣት የስቅለት ሥዕል ሣለ። በመስቀሉ ላይ ያለው አልበርት ሉቱሊ ነው። ሉቱሊ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪና ሰባኪ ነበር፤ የ1960ን የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሸለመውም እሱ ነው። ወጊዎቹ ወታደሮች ደግሞ የአፓርታይድ ባለሥልጣናቱን ፌርቩርትንና ፎርስተርን ይመስላሉ። ሥዕሉ ኬፕ ታውን ሶልት ሪቨር ውስጥ በቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ተሰቀለ። መንግሥት አገደው። ሥዕሉ በድብቅ ወደ እንግሊዝ ወጣና ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ኖረ። ሠዓሊውን ግን አሰሩት፣ አሰቃዩት። ሥዕሉ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ነው።

አንድ ሥዕል ይህን ያህል ለምን ያስፈራል? ልጆቹ የጠየቁኝ ይህንን ነበር። መልሴን እዚህም ልጻፈው። የአፓርታይድ መንግሥት ራሱን ክርስቲያን ነኝ ይል ነበር። የነጮቹ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ዘር መለያየቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ትደግፈው ነበር። የዓለም የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን ኑፋቄ ነው ብሎ ያወገዘው ዘግይቶ በ1982 ነው። ሃሪሰን ከዚያ 20 ዓመት ቀድሞ በቀለም ተናገረው። እናንተ የምትሰግዱለትን እናንተው እየወጋችሁት ነው አላቸው። የነጻነት ትግል ከጨቋኙ እጅ ሃይማኖትን ነጥቆ ሲወስድበት፣ ጨቋኙ የሚደገፍበት ነገር ያጣል። ለዚህ ነው ሥዕሉን ከጠመንጃ እኩል የፈሩት።

የዚህን ሥዕል ህትመት መጀመሪያ ስቀበለው ቀዩ በጣም ጮኸብኝ። ሳልከራከር ነው መልሰው ያተሙልኝ።

በሃይማኖት መጽሐፍ ላይ የደረሰውንም አሳትመናል። በ1807 ለንደን ላይ ለዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም ለካሪቢያን ደሴቶች፣ ባሪያዎች ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው ተቆርጦ ወጥቷል። እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ታሪክ የለም። የርዕስ ገጹን ፎቶ አሳትመን ከሥሩ ይህንን ጻፍን። ዲዛይነሯ ጽሑፉን ስትተይበው «ሙሴን ነው የቆረጡት?» አለች። አዎ፣ ሙሴን። ባሪያዎቹ ግን ሙሴን በመዝሙር ይዘውት ነበር። መዝሙርን መቁረጥ አይቻልም። ከበሮን መከልከል ግን ሞክረዋል። በ1739 በደቡብ ካሮላይና ስቶኖ ወንዝ አካባቢ ባሪያዎች ከበሮ እየመቱ ካመፁ በኋላ፣ በ1740 የወጣው ሕግ ከበሮ ከለከላቸው። እነሱም በእጃቸው አጨበጨቡ፣ በእግራቸው ወለሉን መቱ።

ይህንን ስናወራ የሐጂ ስፒከር መንዙማ ይዟል። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፣ ጭብጨባው ይከተላል። የጥቁሮቹ መዝሙርም አካሄዱ ይኸው ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም።

ሐጂ ዝርዝሩን በሙሉ አይተው «ቲቸር፣ ቢላልን የት አስቀመጡት?» አሉኝ። የሐበሻው ቢላል መካ ውስጥ ባሪያ ነበር። እስልምናን ሲቀበል ጌታው በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ድንጋይ ጫነበት። እሱ ግን «አሐድ፣ አሐድ» ማለቱን አላቆመም። አቡበክር ነጻ አወጡት። የመጀመሪያው ሙአዚንም እሱ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ጥቁር ሙስሊሞች ይህን ስም አልረሱትም። በ1975 ዋሪስ ዲን መሐመድ «ኔሽን ኦፍ ኢስላም» የሚባለውን የጥቁር ሙስሊሞች ማኅበር መሪነት ሲይዝ የማኅበሩ ጋዜጣ ስሙ «ቢላሊያን ኒውስ» ተባለ። በአሜሪካ ምድር የባሪያዎቹ ልጅ ልጆች ራሳቸውን በአንድ ሐበሻ ስም ጠሩ ማለት ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ሳልነግር የት ልሄድ ነበር?

የቢላል ምስል ግን አይሣልም። ሐጂ መላ አመጡ። «አሐድ» የሚለውን በዐረብኛ ፊደል በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አስጽፈው፣ አሸዋማ ቀለም ባለው ካንቫስ ላይ ብቻውን አሳተሙት። ፊት በሞላበት ኮሪደር ላይ ፊት የሌለው እሱ ብቻ ነው። ከሩቅ ይጠራል። ከአጠገቡ ከብራዚል የመጣ የክታብ ፎቶ ሰቀልን። በጃንዋሪ 25 ቀን 1835፣ በረመዳን መጨረሻ፣ በሳልቫዶር ከተማ ሙስሊም ባሪያዎች አመፁ። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ የቁርኣን ቃል የተጻፈበት ክታብ አንገታቸው ላይ አስረው ወጡ። ካመፁ በኋላ የዐረብኛ ጽሑፍ ይዞ መገኘት ራሱ የወንጀል ማስረጃ ሆነ። ከተያዙት ወረቀቶች ዛሬም ሳልቫዶር ባለችበት በባሂያ ግዛት የመንግሥት መዝገብ ቤት ያሉ አሉ። ክታቡን ያዩ ተማሪዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «ይሄማ አያቴ ቤት አለ» እያሉ ነው የቆሙት።

የእኛም ከተማ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ በአሜሪካ ያሉ ጥቁሮች በየቤተ ክርስቲያኑ ለኢትዮጵያ ይጸልዩና ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ኒው ዮርክ ሀርለም ውስጥ የሐበሻ ስም የያዘ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን። የተመሠረተው በ1808 ነው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል ቄስ በ1892 ከነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ የራሱን ሲያቋቁም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አላት። ከአድዋ ድል በፊት ነው እንግዲህ። ስሙን የወሰዱት «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው የመዝሙር ቃል ነው። ይህን ፓነል ከመግቢያው በር አጠገብ ሰቀልነው።

የቤቱን ጉድለትም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ግምገማ አይሆንም። ቀጠሮ አያከብሩም። ሐሙስ ያሉት ለማክሰኞ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ትልቁ ማሽን ይቆማል፤ ጄኔሬተሩ የሚችለው ኮምፒውተሩንና ትንሹን ፕሪንተር ብቻ ነው። ላሚኔሽኑ ያብለጨልጫል፤ ኮሪደራችን በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲገባው የቩይሲሌ ሚኒ ፎቶ ጭራሽ አይታይም። እሱን የመሰለ ሰው መታየት ነበረበት። በደቡብ አፍሪካ የሠራተኛ ማኅበር መሪና የመዝሙር ደራሲ ነበር፤ በ1964 ፕሪቶሪያ ውስጥ ወደ ስቅላት ሲወስዱት እየዘመረ ሄደ። ማቲ የሚባለውን የማያብለጨልጭ ላሚኔሽን ጠይቁ፤ ሳትጠይቋቸው አይነግሯችሁም። አማርኛውንም ራሳችሁ አንብቡት። «ነጻነት» የሚለውን «ነጽነት» ብለው ትልቁ ርዕስ ላይ ለጥፈውት ነበር። በራሳቸው ወጪ ደግመው አተሙት፤ ግን ሰው ሳያይ ቢወጣስ? ደረጃው ደግሞ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ለትልልቅ ሰው አይመችም።

ዋጋቸው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ኤ2 መጠን በፎቶ ወረቀት ከነላሚኔሽኑ 450 ብር ወስደውብኛል። ባለ መብራቱ ሳጥን 3,800 ብር ነው። ክበቡ መዋጮ ሰብስቦ ነው የከፈለው፤ ሐጂ ደግሞ የቢላልን ካንቫስ ዋጋ አልቀበልም ብለዋል። ደረሰኝ ይሰጣሉ። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። ከኮምቦልቻም የሚመጡ ደንበኞች አሏቸው፤ ህትመቱን በላስቲክ ጠቅልለው በሚኒባስ ይልኩላቸዋል። ክረምት ላይ በባጃጅ የምትወስዱ ከሆነ ግን ተጨማሪ ላስቲክ አስጠቅልሉ፤ የደሴን ዝናብና ጉም ታውቁታላችሁ።

ሰኞ አትሂዱ። በገበያው ምክንያት መንገዱም ቤቱም ይጨናነቃል፤ ዲዛይነሯም ፊት አጉልታ ለማየት ጊዜ አታገኝም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት ይሻላል። ፎቶውን ከስልክ በቴሌግራም አትላኩላቸው፤ ጥራቱ ይወርዳል፣ በፍላሽ ውሰዱላቸው።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ያዘዝኩት የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ያለቀ ሥራ ነው፤ ሦስቱ መስኮቶች በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ናቸው፤ ስለ አፍሪካ ነጻ መውጣት የሚናገሩ ናቸው። ሐጂ ሦስት ሳጥን ጎን ለጎን ይሠራልሻል ብለውኛል፤ ዲዛይነሯ የፊቶቹን ሙከራ ጀምራለች። ቀብዱን ከፍያለሁ።